ሰባተኛው ራስ እና የአያ ጥሩነህ ዓይን

የዓለም መጨረሻ ወሬ ሰውን ያስፈራል ይባላል። አያስፈራም፤ ያሳርፋል። ሰው ሁሉ ተግባብቶና ተደስቶ ያየሁት ዓለም ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል በተባለበት ዓመት ነው። ወሬውን የሚያምነው ያልተማረ ሰው ነው የሚባለውም ሐሰት ነው። በእኛ ከተማ የወሬው ባለቤት ከሁሉም ሰው በላይ ያነበቡ ሰው ነበሩ። አቀባያቸው ደግሞ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ነበረች። እሷም እኔ ነኝ።

ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ለአንድ ጉዳይ ገንዳ ውሃ ወርጄ፣ የጎንደር አውቶቡስ እስኪሞላ መናኸሪያው አጠገብ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ሙጫው በቆርቆሮ ጣሳ የተበጠበጠ የማሽላ ዱቄት ነው፤ ከትናንት የተረፈ፣ በሙቀቱ የኮመጠጠ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በዚያው ሰዓት ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ የአንድ ትልቅ አገር መሪ ፎቶ ያሳየኛል። ግንባሩ ላይ ቀይ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከበስተኋላ መዝሙር ይሰማል። «ይኼው! የተጻፈው ሰውዬ ይኼው ነው እኮ» አለኝ። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ከረባት አድርጓል። ክርክር አላሳልፍም፤ ያን ቀን ግን አሳለፍኩ። አፍንጫዬ የልጅነቴ ከተማ ኮኪት ደርሶ ነበር።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው። እናቴ ከጎንደር ተመድባ የወረደች የኮኪት ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበረች፤ ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አንድ ሥራ ሰጠችኝ። «ከክፍል ስትወጭ ለአያ ጥሩነህ ውኃ ቀድተሽ፣ ደጃቸውን ጠርገሽ ነይ። ዓይናቸው ደክሟል።»

አያ ጥሩነህ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ከደጋ የወረዱ፣ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዘለቁ፣ ምን እንዳወረዳቸው ግን ለማንም ያልተናገሩ ሽማግሌ። በሩ አጠገብ አንዲት የጭቃ ክፍል አለቻቸው። ከፊት ለፊቷ ራኩባ ቆሟል፤ በአራት ባላ ላይ የማሽላ አገዳ የተረበረበበት ጥላ። ደወላችን የመኪና ቸርኬ ነበር፤ እሱን የሚመቱት እሳቸው ናቸው። ሰዓቱን የሚያውቁት በራዲዮ ነው። የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብሌን ወተት ጠብ ያለበት ይመስል ነበር። ብዙ ከማንበባቸው የተነሣ ፊደሉ አልቆ፣ ነጩ ወረቀት ብቻ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

«ማን ናት?» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን።

«እኔ ነኝ፣ አያ። የሲስተር ልጅ።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«ከክፍሌ አንደኛ ነኝ።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

ከትራሳቸው ሥር ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ አውጥተው ሰጡኝ። አነበብኩላቸው። የአንድ አገር መሪ ሌላ አገር ሄዶ ስለመመለሱ የሚያወራ ነበር። ጋዜጣው ካቻምና የወጣ መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእኔ ሥራ የቆየ ይሻላል። የአዲሱ ውሸት ገና አልረገፈም።»

ሥራቸውን ቀስ በቀስ አወቅሁት። በመጽሐፍ እንደተጻፈው አውሬው ሰባት ራስ አለው፤ ራሶቹ ነገሥታት ናቸው፤ አምስቱ ወድቀዋል፣ አንዱ አለ፣ ሌላው ገና ይመጣል። አያ ጥሩነህ ነገሥታቱ የዘመናችን መሪዎች ናቸው ባይ ነበሩ። የቤታቸው ግድግዳ እንደማንኛውም ቤት በጋዜጣ ተለጥፏል። የእሳቸው ግን ጭቃ ለመሸፈን ብቻ አልነበረም። በአልጋው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የስድስት መሪዎች ፎቶ በተርታ ተለጥፏል፤ በወደቁት አምስቱ ላይ ከሰል ተሠምሯል። ከስድስተኛው ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ። የተለጠፉት ገና የአያ ጥሩነህ ዓይን ሳይደክም ነበር። አሁን ሰባተኛውን የሚፈልግላቸው ዓይን ያስፈልጋል።

ጋዜጣ የመሪዎችን ፎቶ ከደረት በላይ ብቻ ስለሚያወጣ፣ ከደረታቸው በታች ሁሉም አንድ ሆድ የሚጋሩ መስሎኝ ነበር። አውሬነታቸው በዚያ በኩል ይመስለኛል። እንዲህ ስላቸው አያ ጥሩነህ «ከብዙ መምህራን የተሻለ ተረድተሽዋል» አሉኝ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሥራው ሰነፍኩ ማለት አይቻልም። ከየሱቁ መጠቅለያ ለምኜ አመጣለሁ፤ ሻይ፣ ሳሙና፣ ምስማር ሳይቀር በጋዜጣ ነበር የሚጠቀለለው። የማሽላ ዱቄት በጥብጬ በሳቸው ምድጃ ላይ አፍልቼ ሙጫ እሠራለሁ። በማግስቱ ይኮመጥጣል፤ በሦስተኛው ቀን ጉንዳን ይሰለፍበታል። ፍየል ደግሞ ትወደዋለች። የጎረቤት ፍየል አንድ ቀን በሩን ክፍት ብታገኘው ገብታ ስድስተኛውን መሪ ከነሙጫው በላችው። እኔ አለቀስኩ። በሳምንቱ ራዲዮው ሰውየው ከሥልጣን መውረዱን ተናገረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ፍየል የበላችው መሪ ወደቀ የሚለው ወሬ እስከ ጎረቤት ከተማ ሽንፋ ደረሰ። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱት ሠራተኞች እሑድ እሑድ ራኩባው ሥር ይሰበሰቡ ጀመር። በእጃቸው ላይ የሰሊጡ ወዝ እንዳለ ነው የሚመጡት። ሽታው ከላብና ከኮመጠጠው ሙጫ ጋር ተደባልቆ ቤቱን ይሞላል፤ ለእኔ የጥቅምት ሽታ ያ ነው። ከሁሉም የሚያስቀው ይበልጣል የሚባል የጎጃም ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ቆቡን በጀርባው አዙሮ የሚያደርግ።

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ዓለም የሚያልቀው ሂላው ከመራገፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ሂላ የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ እንደ ጎጆ ቆሞ የሚደርቅበት ነው። ሳይራገፍ ዓለም ካለቀ የአንድ ወር ጉልበት ከንቱ ሆነ ማለት ነው። አያ ጥሩነህ በቁም ነገር አሰቡና፣ «በኋላ። ከፋሲካ ግን አያልፍም» አሉት።

«ተመስገን! እንግዲያ የፍየሏን ቤት አሳዩኝ።»

«ለምን?»

«የአለቃችንን ፎቶ ላብላት።»

ሰዉ እንዲያ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ጥቅምትንና ኅዳርን ሳስባቸው ትዝ የሚለኝ ይኸው ሳቅ ነው። በአጥር ተጣልተው ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች ታረቁ፤ እስከ ፋሲካ ለሆነ አጥር ማን ይጣላል? ባለ ሱቁ ለልጆች ከረሜላ ይጨምር ጀመር። ሰው ከርሞ የሚያደርገውን እያነሣ መጨነቅ ተወ። ያልተደሰተችው እናቴ ብቻ ናት። «ወባ ይህን ወሬ አልሰማችም» ትል ነበር። «ምጽአት እስኪደርስ ክኒኑን ዋጡ።»

ሰባተኛውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሻይ የተጠቀለለበት የሱዳን ጋዜጣ ነበር፤ ጽሑፉ ዐረብኛ ነው፣ ማንበብ አልችልም። መሐል ላይ ግን ትልቅ ፎቶ አለ።

«ምን ይመስላል?» አሉኝ አያ ጥሩነህ።

«ኮት ለብሷል። ከረባት አለው።»

«ሌላስ?»

«ጥርሱ ትልልቅ ነው። ሁሉም ይታያል።»

ያኝኩ የነበረውን መፋቂያ ከአፋቸው አወጡ። «እየሣቀ ነው?»

እየሣቀ ነበር። ነገር ግን አያ ጥሩነህ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። በዚያ ዕድሜዬ እንዲህ አድርጎ የሰማኝ ሰው አልነበረም። «አይደለም» አልኩ። «የሚናከስ ነው የሚመስለው። እንደ አንበሳ።»

«ግንባሩ ላይ ምልክት አለ?»

ግንባሩ ላይ ሻዩ ያረፈበት ቡናማ ነጠብጣብ ነበር። «አለ» አልኩ።

በዚያው ቀን በባዶው ቦታ ለጠፍኩት።

ውሸቴ ውሸት መሆኑን እንኳ በደንብ አላወቅሁም፤ ጥቂት ያገዝኳቸው መስሎኝ ነበር። ያወቅሁት ዐብደላ የሚባል የሱዳን ከባድ መኪና ሹፌር ሰሊጥ ሊጭን መጥቶ ራኩባው ሥር ውኃ ሲጠጣ ነው። አያ ጥሩነህ ደወል ሊመቱ ሄደዋል። በተከፈተው በር ፎቶውን አየና ሳቀ።

«ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«እንዴት አላውቀው? የገዳሪፍ ጥርስ ሠሪ ነው። ይኼን የሠራልኝ እሱ ነው።» አፉን ከፍቶ የወርቅ ጥርሱን አሳየኝ።

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«‹ሳያም እነቅላለሁ› ይላል።» ውኃውን ጨረሰ። «ውሸቱን ነው። በጣም አሞኛል።»

እንዳይናገር ለመንኩት፤ አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። በማግስቱ እሑድ ይበልጣልና ጓደኞቹ የጥርስ ሠሪውን ፊት ሲያዩ ቆብ ሲያወልቁ አይቼ እንኳ ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከወትሮው ቀድማ ከክሊኒክ ወጥታ በቀጥታ ወደ ራኩባው መጣች። የዓይን ሐኪሞች ገንዳ ውሃ ገብተዋል፤ ጥቂት ቀን ይቆያሉ፤ ሞራ የጋረደውን ዓይን ሁሉ ይገልጣሉ።

«ስምዎን አስመዝግቤያለሁ፣ አያ። ሐሙስ ጠዋት ሰሊጥ የጫነ መኪና ወደዚያው ይነሣል፤ ይዞዎት ይሄዳል።»

«አልሄድም።»

«ምን ሆነው?»

«ሲስተር፣ እስከ ፋሲካ ለሆነች ዓለም ዓይኔን በምላጭ የማስቀድድበት ምን ምክንያት አለ? ሰባተኛው ተገኝቷል። ልጅሽን ጠይቂያት፤ ምልክቱን ያየችው እሷ ናት።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። እኔ ሙጫውን ማማሰል ቀጠልኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ከራሷ ጋር እንደምትነጋገር ሁሉ እንዲህ አለች፦ ሐኪሞቹ ከርሞ ይምጡ አይምጡ የሚያውቅ የለም፤ ሞራው ከበሰለ በኋላ ከቆየ ደግሞ ዓይኑን ራሱን ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ማንም አይገልጠውም። ከዚያም፣ «አንች ግን ምንድን ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«ነጠብጣብ» አልኩ። እውነት ነበር። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ሁለት ቀን ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። አያ ጥሩነህ ካልሄዱ በእኔ ምክንያት ይታወራሉ። ከሄዱ ደግሞ ዓይናቸው ይበራና ጥርስ ሠሪውን ራሳቸው ያዩታል። ከዚህ የከፋም ነበር፤ እሱንም ልደብቀው አልፈልግም። ካዩ ራሳቸው ያነባሉ። ካነበቡ እኔ ውኃ ቀጂ ብቻ ነኝ። በከተማው ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ቦታ የሚለቁልኝ፣ «እስቲ ልጅት ታንብብልን» የምባልበት አንድ ቤት ነበር፤ እሱን ቤት የሚዘጋብኝ የሳቸው መዳን ነበር። ልጅ ንጹሕ ነው የሚሉ ሰዎች ሲገጥሙኝ እነዚያን ሁለት ቀናት አስታውሳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ገበያው ዳር ሲቆም ሰማሁት። ደብተሬን እንደያዝኩ ራኩባው ሥር ገባሁ። አያ ጥሩነህ ራዲዮአቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ድምፅ ግን የለውም።

«አያ፣ ሰውየው ንጉሥ አይደለም።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሰባተኛው። የገዳሪፍ ጥርስ ሠሪ ነው። እየሣቀ ነው። ምልክቱ የሻይ ነው።» በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት።

ራዲዮውን ከጆሯቸው አወረዱ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጥርሱ ግን እውነት ትልልቅ ነው?» አሉ።

«ነው።»

«ጥርስ ሠሪ ከሆነማ ከራሱ አፍ መጀመር ነበረበት።»

ልስቅ አፌን ስከፍት ልቅሶ ሆነብኝ። «እንግዲያ ይሂዱ፣ አያ! መኪናው ሊሄድ ነው። እስከ ፋሲካ አያልቅም!»

ጣታቸው የራዲዮውን መክፈቻ ያሽከረክራል፣ ይመልሳል፣ ያሽከረክራል። ባትሪው ማለቁን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ባዶ ሣጥን ጆሯቸው ላይ አድርገው ነበር።

«እኔ ምጽአትን የምፈራ ይመስልሻል?» አሉኝ በመጨረሻ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቃት የኖርኩ ሰው ነኝ። የፈራሁት ያችን ትንሿን ቢላዋ ነው። ዓይኔ ክፍት ሆኖ ስትመጣብኝ።»

በስልሳ ዓመት ዕድሜያቸው ያን ሁሉ ያነበቡ ሰው፣ የነገሥታትን መውደቅ የሚቆጥሩ ሰው፣ ይህን የነገሩት ለዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ያኔ የገባኝ ፈርተዋል ማለት ብቻ ነው። ዛሬ የሚገባኝ ሌላ ነው። ዓለም ነገ የሚያልቅ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት መኪና ላይ መውጣት የለም። ቀጠሮ የለም፤ መወሰን የለም፤ ምላጭ የለም። አውሬውን በየዘመኑ፣ በየመሪው ፊት ላይ የምንፈልገው ስለምንፈራው አይደለም። ከዚህ ከትንሹ ነገር እንዲያድነን ነው።

«እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኩ።

«ትምህርትሽስ?»

«ከክፍሌ አንደኛ ነኝ።»

ተነሡ። ዱላቸውን በአንድ እጅ፣ ትከሻዬን በሌላው ያዙ። እናቴ መኪናው ጋ ቆማ ነበር፤ ሁለታችንን ስታይ ነጠላዋን አውልቃ በእሳቸው ላይ አለበሰቻቸው፣ እኔን ደግሞ ብብቴን ይዛ አነሣችኝ። ጭነቱን ሊያወርድ አብሮ የሚሄደው ይበልጣል ከላይ ሆኖ ተቀበለን። የሰሊጥ ከረጢት ላይ ተቀምጠን እስከ ገንዳ ውሃ፣ «አያ፣ ፍየሏ ምነው አልመጣች?» እያለ አሳቀን። እሳቸው ሲስቁ እጃቸው ግን የእኔን እጅ እስኪያመኝ ይጨብጥ ነበር።

ቀኝ ዓይናቸውን ነው የሠሩላቸው። በማግስቱ ነርሷ ፋሻውን ስታነሣ አልጋው ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ቀስ ብለው ከፈቱ፣ ነርሷን አልፈው ወደ እኔ አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እንዲህ ትንሽ ነሽ እንዴ?» አሉ። «በድምፅሽ ያገባሽ ሴትዮ ነበር የምትመስይኝ።»

ኮኪት ስንመለስ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበቡት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ጥርስ ሠሪው ጋ ሲደርሱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ አልነቀሉትም። እኔ እንደፈራሁት ውኃ ቀጂ ሆንኩ፤ እሑድ እሑድ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ከሌሎቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ትንሽ ቀናሁ። ከዚያ ረሳሁት፤ ከእኔ የተሻለ ያነቡ ነበርና።

ከትንቢቱ ተመለሱ እንዳይመስላችሁ። በዚያች አንድ ዓይን አዲስ ጋዜጣ መፈለግ ጀመሩ። ሰሊጡ ተራግፎ ሠራተኞቹ ወደ ደጋ ሊመለሱ ጓዛቸውን ሲያስሩ ይበልጣል ሊሰናበታቸው መጣ።

«እንግዲያ አያ፣ መቼ ነው የሚያልቀው? ለሚስቴ ምን ልበላት?»

አያ ጥሩነህ ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው በቀኝ ዓይናቸው አዩት። «ከግራ ዓይኔ በኋላ» አሉት።

ፋሲካ መጣ፤ ዶሮ ታረደ፤ ዓለም ቀጠለ። በየትኛው መሪ ግንባር ላይ ምን ቁጥር እንዳለ ከእናንተ ጋር አልከራከርም፤ የምታምኑትን እመኑ። ግን ቤታችሁ ውስጥ ወይም ጎረቤታችሁ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ፣ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ። ምክንያት ሲደረድሩላችሁ አትመልሱላቸው። እጃቸውን ይዛችሁ፣ አብራችሁ መኪናው ላይ ውጡ።